ፓኬጁ ባዶ ነው፣ ፕሮግራሙ ግን ይሠራል

አንድ አንባቢ በሲ ለተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም ከሶርስ ኮዱ ተነስቶ ዴቢያን ለሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ፓኬጅ፣ ማለትም ፕሮግራሙን ለመጫን የታሸገ ዴብ ፋይል ሠራ። ግንባታው ያለ አንድ ኤረር አለቀ። ዴብ ፋይሉን በራሱ ኮምፒውተር ላይ ጫነው፤ ፕሮግራሙ ተነሳ። ሌላ ኮምፒውተር ላይም በሰላም ተጫነ፤ ስሙን ጽፎ ሊያስነሳው ሲል ግን «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» አለው። ዴብ ፋይሉ 2 ኪሎባይት ብቻ ነው። «ምኑን አጠፋሁት?» ይላል። በመሃል፣ እግረ መንገዱን፣ ፓኬጁን የሚገነባውን ትዕዛዝ፣ ዲፒኬጂ-ቢልድፓኬጅን፣ በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) እንዳስኬደው ጠቅሷል።

ችግሩን የደበቀችብህ ያቺ እግረ መንገድህን የጠቀስካት ሱዶ ናት።

መጀመሪያ የፓኬጁን ሆድ እንይ። ተርሚናል ላይ «ዲፒኬጂ-ዴብ --ኮንቴንትስ» ብለህ የፋይሉን ስም አስከትል። በዚህ መጠን የምታገኘው /ዩዘር/ሼር/ዶክ (/usr/share/doc) ሥር ያሉትን ቼንጅሎግና ኮፒራይት ብቻ ይመስለኛል። ፕሮግራሙስ? ያንተው ማሽን ላይ፣ /ዩዘር/ሎካል/ቢን ውስጥ ቁጭ ብሏል። አንተ ጋ የሚሠራው ለዚህ ነው። ከፓኬጁ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ፓኬጅ ሲገነባ ፕሮግራሙ ማሽንህ ላይ አይጫንም። «ዴቢያን» በሚለው ፎልደር ውስጥ በፓኬጁ ስም ሌላ ፎልደር ይከፈትና እሱ እንደ ሩት (የፋይሎች ሁሉ መነሻ ፎልደር) ይቆጠራል። /ዩዘር/ቢን መግባት ያለበት ፋይል እዚያ ውስጥ ባለው ዩዘር/ቢን ይቀመጣል። ከዚያ ፎልደሩ እንዳለ ይታሸጋል። ቦታውን ለሜክፋይሉ (የፕሮግራሙን የግንባታና የጭነት ትዕዛዞች ለያዘው ፋይል) የሚነግረው ዴስትዲር የሚባለው ቫሪያብል ነው። ዴብሄልፐር የሚባለው የፓኬጅ መሥሪያ «ሜክ ኢንስቶል»ን ሲጠራ ራሱ ያስተላልፈዋል። በአውቶቱልስ ወይም በሲሜክ (ሜክፋይሉን ራሳቸው በሚጽፉ መሣሪያዎች) የሚገነቡ ፕሮግራሞች ያውቁታል። በእጅ የተጻፈ ሜክፋይል ግን ብዙ ጊዜ አያውቀውም።

ሜክፋይሉን ክፈትና «ኢንስቶል፡» ከሚለው ሥር ያለውን መስመር እይ። ፋይሉን በ«ሲፒ» ቀጥታ ወደ /ዩዘር/ሎካል/ቢን የሚገለብጥ ነገር ታገኛለህ። ዴስትዲር ተላከለት፣ እሱ አልሰማም፣ ፋይሉን እውነተኛው ሲስተም ላይ ጣለው። ያለ ሱዶ ብትገነባ ኖሮ እዚያው መስመር ላይ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ብሎ ይቆም ነበር። ያ ኤረር የሚጠቅምህ ኤረር ነበር፤ በሱዶ አፉን ዘጋኸው። ፓኬጅ ለመገንባት ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) መሆን አያስፈልግም። የፋይል ባለቤትነት የሚያስፈልግበት ቦታ ካለ ፌክሩት የሚባለው መሣሪያ ይሸፍነዋል። ይህን ልማድ ከዛሬ ጀምረህ ተው። የማታውቀው ሜክፋይል በሩት ሥልጣን ማሽንህ ላይ ምን እንደሚያደርግ አታውቅም።

አሁን ማስተካከያው። ሜክፋይሉ አናት ላይ «ፕሪፊክስ ?= /ዩዘር/ሎካል» ብለህ ጻፍ። የኢንስቶሉን መስመር ደግሞ መድረሻው $(ዴስትዲር)$(ፕሪፊክስ)/ቢን/ እና ከኋላው የፕሮግራሙ ስም እንዲሆን ቀይረው። በ«ሲፒ» ፋንታ «ኢንስቶል» የሚለውን ትዕዛዝ ከ-ዲ እና ከ-ኤም 755 ጋር ተጠቀም፤ የጎደለ ፎልደር ካለ ራሱ ይፈጥራል። መስመሩ የሚጀምረው በታብ ነው። በስፔስ ከጀመርከው ሜክ «ሚሲንግ ሴፓሬተር» ይልሃል። ዴቢያን ፎልደር ውስጥ ባለው ሩልስ ፋይል ላይ ደግሞ «ሜክ ኢንስቶል»ን የሚጠራውን የዲኤች-አውቶ-ኢንስቶልን ደረጃ ተክተህ «ፕሪፊክስ=/ዩዘር» አስተላልፍ። /ዩዘር/ሎካል የማሽኑ አስተዳዳሪ ቦታ ነው፤ ፓኬጅ እዚያ ፋይል አያስቀምጥም።

እንደገና ከመገንባትህ በፊት የሱዶውን ርዝራዥ አጽዳ። ሶርስ ፎልደሩ ውስጥ በሩት ስም የተያዙ ፋይሎች ቀርተዋል፤ ባለቤትነታቸውን በ«ቾውን» ወደ ራስህ መልስ። /ዩዘር/ሎካል/ቢን ውስጥ የቀረውን ቅጂም ሰርዝ። ይህን አትዝለለው። ብዙውን ጊዜ ሼሉ ከ/ዩዘር/ቢን በፊት እዚያ ነው የሚፈልገው። አሮጌው ቅጂ እዚያው ካለ አዲሱን ፓኬጅ የፈተንክ እየመሰለህ አሮጌውን ነው የምታስነሳው። «ታይፕ -ኤ» ብለህ የፕሮግራሙን ስም ብትጽፍ ስንት ቅጂ እንዳለ ያሳይሃል።

ያልጠየቅከኝ ሌላ ችግርም አብሮ ይፈታል። ባዶው ፓኬጅህ በምን ላይብረሪ ላይ እንደሚመሠረት አይናገርም። ኮንትሮል ፋይሉ (የፓኬጁ መግለጫ) ላይ የምንጽፈውን «ሽሊብስ፡ዲፔንድስ» የሚሞላው መሣሪያ ፓኬጁ ውስጥ ያሉትን ባይነሪዎች እያነበበ ነው። ባይነሪ ከሌለ የሚያነበው የለም። ፕሮግራሙ ወደ ቦታው ሲገባ የሲ ላይብረሪውም ሌሎቹም ራሳቸው ይሰፍራሉ። በእጅህ አትዘርዝራቸው።

ፓኬጁን ለሌሎች ኮምፒውተሮች ስለምትፈልገው የመጨረሻውን ግንባታ በኤስቢልድ ወይም በፒቢልደር አድርገው። ንጹሕ ሲስተም ከፍተው፣ ቢልድ-ዲፔንድስ (ለግንባታ የሚያስፈልጉ ፓኬጆች ዝርዝር) ላይ የጻፍከውንና መሠረታዊ የግንባታ መሣሪያዎችን ብቻ ጭነው ይገነባሉ። የረሳኸው ካለ ወዲያው ይወጣል። ማሽኖቹ የተለያየ እድሜ ያለው ሲስተም ካላቸው በአሮጌው ላይ ገንባ። በአዲሱ የተገነባው አሮጌው ላይ የሌለ የሲ ላይብረሪ ሊጠይቅ ይችላል።

የሜክፋይሉን ለውጥ በ«ዲፒኬጂ-ሶርስ --ኮሚት» እንደ ፓች (የለውጥ ፋይል) አስቀምጠው፤ ከዚያ ለፕሮግራሙ ደራሲ ላክለት። ሁለት መስመር ናት። ለፌዶራ፣ ለሌላው ሊኑክስ፣ አርፒኤም የሚባለውን ፓኬጅ የሚሠራውም ሰው ያንኑ ዴስትዲር ነው የሚያስተላልፈው፤ ደራሲው ከተቀበለህ እሱም ይገላገላል።