ኬትሉ ነጭ ሆነ፣ ኩላሊቴስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ፍራንኮ አካባቢ የምኖር እናት ነኝ። ልጄ ወልዳ ላርሳት እንግሊዝ ሀገር ሄጄ ሶስት ወር ቆይቼ መጣሁ፣ የምትኖረው ከለንደን ወደ ደቡብ ነው። የዛ ሀገር ውሃ ግን እስካሁን ከሀሳቤ አልወጣም። ኬትሉ ውስጡን ኖራ የተቀባ ነው የሚመስለው፣ ሻይ ሲቀዳ ላዩ ላይ ስስ ነገር ይጋገራል፣ ሳሙናውን ባሸው ባሸው አረፋ የለም፣ ፀጉሬም እንደ ቃጫ ደረቀ። ልጄ «እማ፣ አገሩ የቆመው ጠመኔ ላይ ስለሆነ ነው፣ ምንም አይልም» ትለኛለች፣ ጠመኔ እየጠጡ ኩላሊት ደህና ይሆናል እንዴ? ደሞ እዚህ ወንዱ ልጄ ከከተማ ወጣ ብሎ በሰራው ቤት የጉድጓድ ውሃ አስቆፍሯል፣ የሱ ግን ኩልል ያለ ነው፣ ሳሙና ወዲያው ይይዛል፣ ማንቆርቆሪያውም አይነጣም። የልጅ ልጆቼ የሚጠጡት እሱን ነው፣ ከእንግሊዙ ይሻላል አይደል?

መልስ፦ እናቴ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት! መጀመሪያ ልጅዎ ልክ ናት። የደቡብ እንግሊዝ መሬት እውነትም ጠመኔ ነው፣ ድሮ ባህር ስር የነበሩ በአይን የማይታዩ ፍጥረቶች ቅርፊት ተጠራቅሞ የዛሬ 66 ሚሊዮን አመትና ከዛም በፊት የተሰራ ድንጋይ። ዝናቡ ከአየሩና ከአፈሩ ጋዝ ይዞ ሲወርድ እንደ አምቦ ውሃ ኮምጠጥ ይላል (በጣም በትንሹ ነው እንጂ አይቀመስም)፣ ጠመኔውን እያሟሟ ይገባል፣ ሰው ያን ከመሬት ስር ስቦ ይጠጣዋል። አምቦ ውሃ ከፍተው ሲተዉት ጋዙ ይወጣ የለ? ኬትል ውስጥም ሲፈላ ጋዙ ይወጣል፣ ያኔ የሟሟው ጠመኔ መቆያ ያጣና እቃው ላይ ይለጠፋል። ያዩት ነጭ ነገር እሱ ነው፣ ካልሲየም ካርቦኔት ይሉታል። በሊትር ከ180 ሚሊግራም ካለፈ በጣም ከባድ ውሃ ይባላል፣ የለንደን አካባቢ ከዛ በላይ ነው።

ኩላሊቱን በተመለከተ ብዙ ሰው እንደ እርስዎ ይፈራል፣ እኔም ድሬዳዋ ስኖር ፈርቼ ነበር። እዛም የኖራ ድንጋይ ስላለ ውሃው ያው ነው፣ ጠዋት ሻይ ስቀዳ የእንቁላል ቅርፊት የመሰለ ስብርባሪ ብርጭቆዬ ውስጥ ሲንሳፈፍ አይቼ ሻዩን ደፍቼው አውቃለሁ። የአለም ጤና ድርጅት ግን ከባድ ውሃ ጤና ይጎዳል የሚያሰኝ አሳማኝ ማስረጃ የለም ነው የሚለው፣ ለጠጠር ይልቅ የሚያጋልጠው ውሃ ትንሽ መጠጣት ነው። ሐኪም ጠጠር አለብህ ያለው ሰው ሐኪሙን ይስማ።

የሚጎዳው ቤቱን ነው። ሳሙናው ከካልሲየሙ ጋር ተያይዞ አረፋ መሆኑ ይቀርና ዝቃጭ ይሆናል፣ ነጭ ልብስ የሚያደክመው፣ ፀጉርዎን ቃጫ ያደረገውም እሱ ነው። ለልብስ ከደረቅ ሳሙና ኦሞ ይሻላል። የሻወር ማሞቂያው ብረት ላይ ሲጋገር ደግሞ ሙቀቱ ቶሎ ውሃው ጋ አይደርስም፣ መብራት ይበላል፣ መጨረሻ ይቃጠላል፣ እኔ ድሬ ሁለት ቀይሬያለሁ፣ ሁለተኛውን ሰራተኛው ሲያወጣው ብረቱ እንደ በቆሎ እሸት ወፍሮ ነበር።

ለኬትሉ ሴቷ ልጅዎ ሁለት ሎሚ ጨምቃ ከውሃ ጋር አፍልታ ግማሽ ሰአት ትተወው፣ ከዛ ታለቅልቀው፣ አቼቶም ይሆናል። የሻወሩን ጭንቅላት በፌስታል አቼቶ ሞልታ አስራበት ትደር። በረኪና ግን ከአቼቶም ከሎሚም ጋር እንዳትቀላቅል፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ ይሄንን ደውለው ይንገሯት።

አሁን ወደ ወንዱ ልጅዎ ጉድጓድ፣ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። የአዳማ የቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ ነው፣ ጉድጓድ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የስምጥ ሸለቆ መሬት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ ከመሬት ስር ያለው ውሃ ብዙ ቦታ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል፣ ፍሎራይድ ደግሞ አይታይም አይሸትም። ካልሲየም ያለበት ውሃ ፍሎራይዱን ይይዝና ያዘቅጠዋል፣ ካልሲየም የሌለው ግን እንደሟሟ ይተወዋል። ስለዚህ እናቴ፣ ሳሙና ወዲያው የሚይዘው፣ እጅ ላይ ለስለስ የሚለው፣ ኬትል የማያነጣው ውሃ በኛ አካባቢ ጥሩ ምልክት ላይሆን ይችላል! የአለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፣ በስምጥ ሸለቆ ከ10 ያለፈባቸው ጉድጓዶች አሉ። ወንጂ አካባቢ ያደጉ ሰዎች ጥርስ ላይ ያለውን ቡናማ ቀለም አይተው ይሆናል፣ ጥርስ ስላልፋቁ አይደለም፣ ልጅነታቸው ላይ የጠጡት ውሃ ነው። ጥርሱ የሚበላሸው ድድ ውስጥ እያለ ነው፣ እስከ 8 አመት ገደማ፣ ብዙ አመት በብዛት ከተጠጣ አጥንትም ይነካል።

አፍልተን ብንጠጣውስ እንዳይሉኝ፣ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያወጣም፣ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይወፍራል። እንግሊዝ ሴቷ ልጅዎ ቤት አይተው ከሆነ፣ የማጣሪያ ጆግ አይነትም የተሰራው ለኖራው ነው።

ስለዚህ ያስመርምረው። ፓምፑን ትንሽ ያስኬደውና የመጀመሪያውን ውሃ ይድፋው፣ ናሙናውን በንጹህ ሃይላንድ ይያዝ፣ መስታወት አይሁን፣ ፍሎራይድ መስታወት ላይ ይቀራል፣ ሃይላንዱን በዛው ውሃ ሶስቴ አለቅልቆ ሞልቶ ክድን አድርጎ ውሃ የሚመረምር ላብራቶሪ ይውሰድና «ፍሎራይድ» ብሎ ለይቶ ይጠይቅ፣ ዝም ብሎ ውሃ መርምሩልኝ ካለ ጀርሙን ብቻ አይተው ሊመልሱት ይችላሉ። ውጤቱ እስኪመጣ በጉድጓዱ ልብስ ይጠብ፣ አትክልት ያጠጣ፣ ለልጆቹ መጠጥና ወጥ ግን ከእርስዎ ቤት ቧንቧ በጄሪካን ይቅዳላቸው።