ከአሌክሳንድሪያ ባልቲሞር ክሩዝ ፖርት በምን እንሂድ ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። ሰባት ሆናችሁ፣ እናትሽ ዊልቸር ይዘው፣ ኦክቶበር ውስጥ እሁድ ቀን ከአሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) ተነስታችሁ ባልቲሞር መርከብ ልትሳፈሩ ነው፣ እና በራሳችን መኪና እንሂድ፣ ኡበር እንጥራ ወይስ ቫን ከነሹፌሩ እንያዝ ነው ያልሽው። ብዙ ሰው "ኡበር ጥሪ፣ የአንድ ሰአት መንገድ ነው" ብሎ መልሶልሻል። እኔ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፣ እኛ ላይ የደረሰው እናንተ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም። ደሞ እኔ ራሴ እዚሁ ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) ስድስት አመት ኡበር ነድቻለሁ፣ ስለዚህ ነገሩን ከተሳፋሪውም ከሹፌሩም ወገን አውቀዋለሁ። ሰአቱን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ የኛን ልንገርሽ። እኛም ሰባት ነበርን፣ ዘጠኝ ትልልቅ ሻንጣ። በሰው በሰው አንድ ቫን የሚያከራይ ተገኘ፣ ግማሹን ብር ቀድመን ከፈልን፣ ዋዜማው ማታ "ኮንፈርምድ ነው" ብሎ ቴክስት አደረገልን። መርከቡ የሚነሳው ከሰአት 4:00 ነው፣ ቫኑ ደሞ ጠዋት 11:00 ሊመጣ። 11:00 ሆነ የለም፣ 11:20 ስንደውል ይጠራል አይነሳም፣ 11:40 ላይ ስልኩ ጭራሽ ተዘጋ። ሻንጣው በር ላይ ተደርድሮ፣ ልጆቹ ኮፍያቸውን አድርገው ቆመው። በአፕ ሁለት መኪና ጠራን፣ የመጀመሪያው ቶሎ መጣ፣ ባለቤቴና ልጆቹ ገቡ፣ በጥድፊያው የሁላችንም ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ያለበት ቦርሳ አብሮ ሄደ። ሁለተኛው ሹፌር ባልቲሞር መሆኑን ሲያይ ካንስል አደረገ፣ ሦስተኛው ሲመጣ 12:30 ሆኗል። እሱ ቀን የሬቨንስ (የባልቲሞር ፉትቦል ቡድን) ጨዋታ ነበር፣ አይ-95 ላይ ስታዲየሙ አካባቢ መንገዱ ቆመ፣ ከዛ ሲለቀቅ ሹፌሩ ኤግዚት 55ን አለፈው። ይሄን ኤግዚት በደንብ ያዢው፣ ኪ ሃይዌይ የሚለው ነው፣ ወደ ሰሜን ስትሄጂ ከፎርት መክሄንሪ ተነል (በውሃ ስር የሚያልፈው መንገድ) በፊት ያለ የመጨረሻው መውጫ እሱ ነው፣ ካለፍሽው መመለሻ የለም፣ ተነሉ ውስጥ ገብተሽ፣ ቶል ከፍለሽ፣ ማዶ ወጥተሽ፣ ዞረሽ እንደገና በተነሉ መመለስ ነው።

2:30 ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ደረስን። ባለቤቴ እግረኛ መንገዱ ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር፣ እኛ ያለ ወረቀት መግባት አንችልም፣ እሷ ደሞ ትታን አትገባም። እናቴ ስኳር አለባት፣ ጠዋት ቁርስ ከቀመሰች ወዲህ ምንም አልበላችም፣ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ተሳፈርን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን ያን ቀን መቼም አልረሳውም።

ለምን 2:30 ያን ያህል አስደነገጠን፣ መርከቡ 4:00 አይደል የሚነሳው? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። መርከቡ የተሳፋሪዎቹን ሙሉ ስም ዝርዝር ከመነሳቱ 60 ደቂቃ በፊት ለአሜሪካ ጉምሩክና ድንበር ጥበቃ ማስገባት አለበት፣ ስለዚህ ቼክኢን በዛ ሰአት ወይ ከዛ በፊት ይዘጋል፣ አንዱ ካምፓኒ 60 ደቂቃ ይላል ሌላው 90፣ የናንተን ቦርዲንግ ፓስ ላይ እዪው። ከተዘጋ በኋላ መርከቡ አይንሽ እያየው ቆሞ አያስገቡሽም። "ካመለጠን በአውሮፕላን ቀድመን የሚቀጥለው ወደብ ላይ እንገናኘዋለን" የሚል ሰውም አለ። ከባልቲሞር ወደ ባሃማስ የሚሄዱት ብዙ ጊዜ ፍሎሪዳ ፖርት ካናቬራል ይቆማሉ፣ ግን በ1886 የወጣ የተሳፋሪ መርከብ ህግ አለ፣ የውጭ አገር ባንዲራ ያለው መርከብ (እነዚህ ትልልቆቹ በሙሉ ለማለት ይቻላል እንደዛ ናቸው) ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ጭኖ ሌላ የአሜሪካ ወደብ እንዲያወርድ አይፈቀድለትም፣ ስለዚህ ፍሎሪዳ ተሳፍሮ ባልቲሞር መውረድ ብዙ ጊዜ ይከለከላል። ባሃማስ ድረስ በሮ ለመድረስ ደሞ ፓስፖርት የግድ ነው፣ በበርዝ ሰርተፍኬት የምትሳፈሩ ሲቲዝኖች ካላችሁ እሱም በር ዝግ ነው።

ስለዚህ በኔ ሀሳብ አስተማማኝ ማለት ጥሩ መኪና ወይ ጥሩ ሹፌር ማለት አደለም፣ ሲበላሽ ሌላ ነገር ለማድረግ ሰአት የሚተርፍሽ ማለት ነው። ቫኑ 8:00 ቢቀር ኖሮ እኛ ሳቅ ብለን ሌላ እንፈልግ ነበር፣ 11:00 ስለቀረ ነው የተጨነቅነው።

ኡበርን በተመለከተ ከሹፌር ወገን ልንገርሽ። ሪዘርቭ ያደረግሽው ሹፌር ቃል ገብቷል ግን መተው ይችላል፣ ከአሌክሳንድሪያ ባልቲሞር ወስዶ ባዶውን ሊመለስ ስለሚችል ብዙው አይወደውም፣ ሲተው ሲስተሙ ሌላ ይፈልግልሻል ግን ሰአቱ አይቆምም። ሌላው ኤክስኤል የሚሉት ትልቁ የኡበር መኪና ነው። ስድስት ሰው ይጭናል ሲባል እውነት ነው፣ ግን የኋለኛው ወንበር ሲዘረጋ የሻንጣው ቦታ ሁለት ትልቅ ሻንጣ ቢይዝ ነው፣ ስንት ቤተሰብ ኤርፖርት ልወስድ ሄጄ "ሻንጣው አይገባም" ብዬ አሳዝኜ ተመልሻለሁ። ሰባት ሰው፣ ዊልቸርና ሻንጣ ለናንተ ሁለት ኤክስኤል ነው፣ አንድ አደለም።

እኔ ብሆን በራሳችሁ ሁለት መኪና ሂዱ ነው የምልሽ። ፓርኪንጉ ተርሚናሉ አጠገብ ነው፣ ሻተል ምናምን የለውም። መጀመሪያ በሩ ጋ ሰውና ሻንጣ ታወርዳላችሁ፣ ሻንጣውን ተሸካሚዎቹ ይቀበሏችኋል፣ ከዛ ሹፌሩ አቁሞ በእግሩ ይመጣል። ለእናትሽ እሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ዊልቸሩንም ለካምፓኒው ቀድመሽ ንገሪ፣ በሩ ላይ የሚረዳ ሰው ይመድባሉ። የፓርኪንጉ ዋጋ በቀን ነው፣ ሰባት ሌሊት ስምንት ቀን ይቆጠራል፣ ስለዚህ ከሁለት ኤክስኤል ደርሶ መልስ ጋር አስልታችሁ እዩት። ወንድም ወይ ጓደኛ አንዱን መኪና አድርሶ የሚመልስላችሁ ካለ ደሞ የአንዱን ብቻ ትከፍላላችሁ። እሁድ ቅዳሴ ላይ ነኝ የማይል ሰው ፈልጉ እንጂ።

በባቡር ሂዱ ያለሽ ልጅ አልተሳሳተም፣ ዲሲ ካለው ዩኒየን ስቴሽን ማርክ በሚባለው ባቡር ባልቲሞር ፔን ስቴሽን ይደረሳል፣ ግን እሁድ ባቡሩ ጥቂት ነው፣ ከፔን ስቴሽንም እስከ ተርሚናሉ ታክሲ ያስፈልጋል። አንድ አንድ ቦርሳ ለያዙ ሁለት ወጣቶች ጥሩ ነው፣ ለናንተ አይሆንም። ከሚኒሶታ ወይ ከዳላስ የሚመጡ ዘመዶች ካሏችሁ ግን አደራ ዋዜማውን ይግቡ፣ በዛው ቀን አይብረሩ። ቢደብሊውአይ (የባልቲሞር ኤርፖርት) አካባቢ ያሉ ሆቴሎች ሻተላቸው ብዙ ጊዜ ኤርፖርት ነው እንጂ ፖርት አይሄድም፣ ቀድመው ይጠይቁ።

መንገዱን በተመለከተ፣ ባልቲሞር የነበረው ኪ ብሪጅ ማርች 26 ቀን 2024 መርከብ ገጭቶት ከወደቀ ጀምሮ በ695 ሃይዌይ ይዞር የነበረው መኪና ወደ ሁለቱ ተነሎች ነው የመጣው፣ ወረፋው ወደ ኋላ ሲረዝም 55 ላይ የምትወጪውንም አብሮ ይይዝሻል። በ295 ፓርክዌይ መሄድ ትችያለሽ፣ እሱ ላይ ትላልቅ ትራክ አይገባም፣ ግን ወደ ስታዲየሙ ነው የሚያወጣሽ፣ የዛን እሁድ ሬቨንስ ባልቲሞር ይጫወት እንደሆነ ዛሬውኑ እዪ። ጨዋታ ካለ እኔ ከቤት 8:30 እወጣለሁ፣ ከሌለ 9:30 ይበቃል፣ ጂፒኤሱ አንድ ሰአት ቢልሽም ዊልሰን ብሪጅና ኮሌጅ ፓርክ ጋ የሚሆነውን ታውቂዋለሽ። ቀድሞ መድረስ ችግር የለውም፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ቁርስ መብላት ነው።

እያንዳንዱ ሰው ወረቀቱን በራሱ እጅ ይያዝ፣ የእናትሽን አጠገባቸው የሚቀመጠው ሰው፣ መድሀኒታቸውም በተሸካሚ በሚሄደው ሻንጣ ውስጥ አይግባ፣ ሻንጣው ክፍላችሁ የሚደርሰው ማታ ሊሆን ይችላል። ለሳቸው ሰአቱን በሀበሻ ንገሪያቸው፣ "ሦስት ሰአት ተኩል ላይ እንወጣለን" በያቸው፣ እኛ ቤት "አስራ አንድ ሰአት" ሲባል አክስቴ ከሰአት በኋላ መስሏት ሻወር ገብታ ነበር።

ስንት ሻንጣ እንደምትይዙና መኪኖቻችሁ ምን አይነት እንደሆኑ ጻፊልኝ፣ ይገባል አይገባም ብዬ እመልስልሻለሁ፣ ዊልቸሩም የሚታጠፍ መሆኑን አብረሽ ንገሪኝ።