ቡፈሩን ከመድፋታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

በቀደም ደብረ ማርቆስ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ቡና ቤት አገኘኝና «ጋሼ፣ ካንሰር በቫይረስ ይመጣል የሚሉት እውነት ነው? ታዲያ ይተላለፋላ?» አለኝ። ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ አወራን፤ ሳንጨርስም ተለያየን። የቀረውን እዚህ ልጨርሰው። ለእሱ ብቻ አይደለም፣ ላብራቶሪ ለምትገቡ ሁሉ ነው። ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ።

ከዶሮ ልጀምር። እናቴ ዶሮ ስትበልት መጀመሪያ የምታየው ጉበቷን ነበር። አንድ ዓመት በቅዳም ሹር ጉበቷ ነጭ ነጭ እብጠት አብቅሎ አገኘችው። «ይህስ አይበላም» አለችና ዶሮዋን እንዳለች ጓሮ ቀበረቻት። እኛ ልጆቹ አለቀስን። 55 ቀን ጾመን! ጉበትን እንዲህ የሚያደርጉ የዶሮ በሽታዎች ብዙ ናቸው። አንዱ ሬትሮቫይረስ የሚባል የቫይረስ ዓይነት የሚያመጣው ካንሰር እንደሆነ የተማርኩት አድጌ ነው።

ኒው ዮርክ በሮክፌለር ኢንስቲትዩት ፔይተን ራውስ የሚባል ተመራማሪ የዶሮ እብጠት ፈጨ። ሕዋስ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጠለለው። የወረደውን ፈሳሽ ብቻ ጤነኛ ዶሮ ወጋበት። ያቺም እብጠት አወጣች፤ ፈሳሹ ውስጥ ቫይረስ ነበረ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1911 አሳተመ። ብዙ ሰው «የዶሮ ነገር» ብሎ አለፈው። ኖቤል የሸለሙት በ1966 ነው፤ 87 ዓመቱ ነበር። እኛ ሁዳዴ 55 ቀን ሆኖብን እናማርራለን፤ ሰውዬው የጠበቀው 55 ዓመት ነው።

አሁን ወደ ሕዋሱ እንግባ። ካይኔዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች አሉ፤ ሥራቸው ፎስፌት መለጠፍ ነው። የጎጃም ገበሬ ልጅ ፎስፌት አይጠፋውም፣ ዳፕ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ካይኔዝ ግን እንደ ማዳበሪያ አይበትነውም። የሕዋሱ የጉልበት ስንቅ ከሆነው ከኤቲፒ ላይ አንዲት ፎስፌት ይነጥቅና በአንድ ፕሮቲን ላይ፣ በታወቀ ቦታ ይለጥፋታል። ያ ፕሮቲን ቅርጹ ይለወጣል። ወይ ይነቃል፣ ወይ ይተኛል። ሌላ ኢንዛይም ደግሞ መጥቶ ፎስፌቷን ያነሳታል። ሕዋስ ውስጥ «ተባዛ»፣ «ቁም»፣ «ያዝ»፣ «ልቀቅ» የሚባለው በዚህ መንገድ ነው።

ከእነዚህ አንዱ ሳርክ ይባላል። ጭራው ላይ አንድ ታይሮሲን አለ፤ ታይሮሲን ፕሮቲን ከሚገነባባቸው ጡቦች፣ ከአሚኖ አሲዶች፣ አንዱ ነው። እዚያ ፎስፌት ሲለጠፍበት ጭራው ይታጠፍና ከገዛ አካሉ ጋር ይያያዛል፤ ኢንዛይሙም ተቀረቀረ ማለት ነው። ከውጭ የእድገት መልእክት ሲደርስ መቀርቀሪያው ይነሳል፣ ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል።

የራውስ ቫይረስ ያበላሸው ይህን መቀርቀሪያ ነው። ሬትሮቫይረስ የአርኤንኤ መልእክቱን ወደ ዲኤንኤ ገልብጦ የሕዋሱ ክሮሞዞም ውስጥ ይሰካል። ጥንት አንዱ ቫይረስ ከዶሮ ሕዋስ ሲወጣ የዶሮዋን የሳርክ ጂን ይዞ ወጣ። የቅኔ ቤት አገር ሰው ነኝና እኔ የማስበው ቁም ጸሐፊ ነው። ቤት ውስጥ በእንግድነት አድሮ፣ የባለቤቱን ዳዊት አንድ ቅጠል ከራሱ ብራና ጋር ጠርዞ እንደሄደ ጸሐፊ። በዚያ ላይ የቅጠሉ መጨረሻ ተቀዷል። የዶሮዋ ሳርክ የመጨረሻዎቹ 19 አሚኖ አሲዶች በቫይረሱ ቅጂ ላይ የሉም፤ በምትካቸው ሌሎች 12 ገብተዋል። ያ የጭራው ታይሮሲን አብሮ ሄዷል። በሩ አለ፣ መቀርቀሪያ የለውም። ኢንዛይሙ ማንም ሳያዘው ሌት ተቀን ይለጥፋል።

በማይክሮስኮፕ ስታዩት ግልጽ ነው። ጤነኛው ሕዋስ ሳህኑ ላይ ተዘርግቶ ይጣበቃል፤ ጎረቤቱን ሲነካ መባዛቱን ያቆማል። የተያዘው ይድቦለቦላል፣ ይላቀቃል፣ አንዱ ባንዱ ላይ ይከመራል።

በ1976 አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ቫርመስና ቢሾፕ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህ ጂን ከጤነኛ ዶሮ የመጣ መሆኑን አሳዩ። በ1989 ኖቤል አገኙበት። ተመሳሳዩ ጂን በእኔም በእናንተም ሕዋስ ውስጥ አለ።

እና ይተላለፋል ወይ? ካንሰሩ አይተላለፍም፤ ቫይረሱ ግን ይተላለፋል። በሰው ላይ ካንሰር የሚያመጣው ሬትሮቫይረስ ኤችቲኤልቪ-1 ይባላል፤ የተገለጸው በ1980 ነው። በጡት ወተት፣ በደምና በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይሄዳል። የተሰረቀ ጂን አልያዘም። ታክስ የሚባል የራሱ ፕሮቲን አለው (ግብሩን አይደለም)፤ እሱ የሕዋሱን ካይኔዞች ጎትጉቶ ያስነሳል። ቫይረሱ ካለባቸው አብዛኞቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ካንሰር አይዛቸውም።

የአይጡ ኤብልሰን ቫይረስ ደግሞ ኤብል የሚባል ካይኔዝ ይዟል። በኋላ ያው ጂን በአንድ ዓይነት የሰው ደም ካንሰር ውስጥ፣ ያለ ምንም ቫይረስ፣ ክሮሞዞም 9 እና 22 ቁራጭ ሲለዋወጡ ተበላሽቶ ተገኘ። ይህን ካይኔዝ የሚያቆመው ኢማቲኒብ በ2001 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። የሚዋጥ ኪኒን ነው። መነሻው «የዶሮ ነገር» ተብሎ የታለፈው ነው።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ሌላ ነው። እስከ 1979 ድረስ የሚታወቀው ካይኔዞች በሌሎች ሁለት አሚኖ አሲዶች፣ በሴሪንና በትሪዮኒን፣ ላይ እንደሚለጥፉ ነበር። ካሊፎርኒያ በሶልክ ኢንስቲትዩት ቶኒ ሃንተር የሚባል ተመራማሪ የፖሊዮማ ቫይረስን ፕሮቲን ሲመረምር አዲስ ቡፈር (ናሙና በኤሌክትሪክ የሚለያይበት፣ አሲድነቱ የተመጠነ ፈሳሽ) መቀመም ሰነፈውና ያረጀውን ደገመው። ፒኤቹ፣ የአሲድነት ልኩ፣ 1.9 መሆን ሲገባው ወደ 1.7 ወርዶ ነበር። ከሴሪንና ከትሪዮኒን ነጥቦች ሌላ ሦስተኛ ነጥብ ወጣ። ታይሮሲን ነበር። በትክክለኛው ቡፈር ቢሆን ከትሪዮኒን ጋር ተደርቦ አይታይም ነበር። ቀጥሎ የራውስን ቫይረስ ሞከረ፤ ሳርክም የሚለጥፈው በታይሮሲን ላይ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ቫይረስ በተያዘ ሕዋስ ውስጥ ታይሮሲን ላይ ያለው ፎስፌት ወደ 10 እጥፍ ይጨምራል።

ሰነፍ ሁኑ አላልኩም! ቡፈራችሁን በየጊዜው ቀምሙ፣ የቀመማችሁበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ጻፉ። ያልጠበቃችሁት ነገር ሲወጣ ግን እቃውን ለማጠብ አትቸኩሉ። መጀመሪያ እንዳለ ጻፉት። ያረጀ ቡፈር ተጠቅማችሁ ከሆነ ያንንም ሳታፍሩ ጻፉ። ለአለቃ የሚያምር ደብተር ማሳየት ደስ ይላል፣ አውቃለሁ፤ እኔም አሳይቻለሁ።

ሥራ እንደጀመርኩ የደም ፕሮቲን በኤሌክትሮፎረሲስ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ እየለየሁ፣ እሠራ ነበር። ቀይ ቀለም የጠጣችውን ስስ ወረቀት ሳጥባት፣ አንዱ ናሙና መጨረሻው አካባቢ አንድ ቀጭን መስመር አወጣ። በምላጭ የተሰመረ ይመስላል። ጤነኛ ሰው እዚያ ቦታ ላይ የሚያወጣው ደብዘዝ ያለ ሰፊ ጥላ ነው። እንዲህ ያለው ቀጭን መስመር የመቅኔ ካንሰር ምልክት ሊሆን እንደሚችል ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ቀኑ ዓርብ ነበር። መሸ። ወረቀቷን ጣልኳት። ከናሙናው የተረፈ አልነበረምና ሰውየው ሌላ ደም እንዲሰጥ ላክንበት። ከቆላ የመጣ ገበሬ ነበር፤ አገሩ ገብቷል አሉን። አልተመለሰም።

ደብተሩ አሁንም ቤቴ አለ። የዚያን ዓርብ ገጽ ላይ «ቆሻሻ፣ ይደገም» ይላል፤ በእኔ እጅ ጽሑፍ።