አሲዱ ያለው ፕሌቱ ውስጥ ነው

ጥያቄ፦ የሶላር ባትሪዬ 12 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት (Ah) ነው፣ ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት። ቀን ቶሎ ሞላ ይላል፤ ማታ ግን ሁለት አምፖል አንድ ሰዓት አይችልም። «አሲዱ ደክሟል» ተብዬ ሁለት ጊዜ አሲድ ጨመርኩበት። ልድገመው?

መልስ፦ በፍጹም እንዳይደግሙት፣ እህቴ። እኔ ጋ ከሚመጡት ባትሪዎች ብዙዎቹን የጨረሳቸው ይኸው ምክር ነው፤ ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

አሲዱ አይተንም። ባትሪው ቻርጅ ተደርጎ ሊሞላ ሲል የሚንተከተከው ከውሃው የሚወጣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ነው። ስለዚህ የሚጎድለው ውሃ ነው፤ የሚተካውም በተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ብቻ ነው።

ታዲያ አሲዱ ለምን ደከመ? ፕሌቶቹ፣ ማለትም አሲዱ ውስጥ የተነከሩት የእርሳስ ሰሌዳዎች፣ ስለያዙት ነው። ፖዘቲቩ ፕሌት ቡናማ የእርሳስ ኦክሳይድ ነው፣ ኔጌቲቩ ግራጫ እርሳስ። ባትሪው ሲሠራ ሁለቱም አሲዱን እየሳቡ ወደ ነጭ ሰልፌት ይለወጣሉ። ቶሎ ቻርጅ ከተደረገ ሰልፌቱ ገና እንደ ዱቄት የላመ ስለሆነ ይሟሟና አሲዱ ይመለሳል። በደንብ ሳይሞላ ለሳምንታት ከቆየ ግን እየጠጠረ ይሄድና አምፔር አልቀበልም ይላል። ቮልቱ ብቻ ከፍ ይላል፣ ከሶላሩ የሚመጣውን ቻርጅ የሚቆጣጠረው ኮንትሮለርም «ሞልቷል» ብሎ ይዘጋል። አሲድ ሲጨምሩበት ደግሞ የአሲዱን ጥንካሬ የሚለካው ሃይድሮሜትርም ያታልልዎታል፣ ፕሌቱም ቶሎ ይበላል።

አሁን አምፖሎቹን ይንቀሉ፤ ጓንትና መነጽር ያድርጉ። የፕሌቶቹ ጫፍ ከታየ እስኪሸፈን ብቻ የተጣራ ውሃ ይጨምሩ። ከዚያ ነፋሻ ቦታ ላይ፣ በመብራት በሚሠራ ቻርጀር፣ በ5 አምፔር ይሙሉት። እሳት አጠገቡ እንዳይደርስ፤ ጋዙ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። ገና ከጅምሩ 14.4 ቮልት ካለፈ ወደ 2 አምፔር ያውርዱት። በጣም ከሞቀ አቁመው ያብርዱት። ሁለት ቀን ቢፈጅም አይቸኩሉ።

በየሰዓቱ ስድስቱንም ሴል (የባትሪውን ክፍሎች) በሃይድሮሜትር እየለኩ ይጻፉ። ቁጥሩ ከፍ ካለ አሲዱ ከፕሌቱ እየተመለሰ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ አልነቃነቅ ካለ በቃው። ከ1.280 ያለፈ ሴል ካለ ያኔ ከፈሳሹ ጥቂት መጥጠው በተጣራ ውሃ ይተኩ፤ ጨምረውት የነበረው አሲድ ነው።

አንዱ ሴል ብቻ ከሌሎቹ በ0.050 ዝቅ ብሎ ከቀረ፣ ወይም የመጠጡት ፈሳሽ እንደ ቡና አተላ ከደፈረሰ ግን ገንዘብዎን ለአዲስ ባትሪ ያስቀምጡ። ያ አተላ ከፖዘቲቩ ፕሌት የረገፈ ኦክሳይድ ነው፤ የትኛውም ቻርጅ መልሶ አይለጥፈውም።