ስብ ዝም ብሎ አይቀመጥም፦ ስለ ውፍረትና ስለ ጡት ካንሰር ጥያቄና መልስ

በየካ አባዶ የሴቶች እድራችን ስለ ውፍረትና ስለ ጡት ካንሰር ያልጠራ ነገር ያላት ሁሉ እንድትጠይቀኝ ጋብዤ ነበር። የማስተምረው ባዮኬሚስትሪ ነው፤ ሐኪም ስላልሆንኩ ሕክምናን የሚመለከተው ለሐኪም ይተው።

ስብ የተጠራቀመ ምግብ አይደለም እንዴ? ከካንሰር ጋር ምን አገናኘው?

ጎተራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበሩ። ነገር ግን ስብ ሆርሞን ያመርታል። በውስጡ ያለው አሮማቴዝ የተባለ ኢንዛይም የወንዴ ሆርሞኖችን ወደ ኤስትሮጅን ይለውጣል። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ኦቫሪዎች (የእንቁላል ማምረቻዎቹ) ሥራቸውን ስለሚያቆሙ፣ የሴቷ ኤስትሮጅን በአብዛኛው የሚመጣው ከዚሁ ነው። አብዛኞቹ የጡት ካንሰሮች ደግሞ በኤስትሮጅን የሚያድጉ ናቸው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 እ.ኤ.አ. ከውፍረት ጋር ካያያዛቸው 13 የካንሰር ዓይነቶች አንዱ ከማረጥ በኋላ የሚመጣው የጡት ካንሰር ነው።

እናቴ ሌትሮዞል ታዞላታል። ስቡን ለማቅለጥ ነው?

አይደለም፤ አሮማቴዝን ሥራ ለማስፈታት ነው። ሌላው መድኃኒት ታሞክሲፈን ግን ኤስትሮጅን ሕዋሱ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ይይዝበታል። እህቴ፣ ተሽሏታል ብለው መድኃኒቱን በራሳችሁ እንዳታቋርጡባት።

ካንሰር የሚበላው ስኳር ነው ይባላል። ሻዬን ያለ ስኳር ብጠጣ በረሃብ አይሞትም?

ወሬው መነሻ አለው። ኦቶ ዋርበርግ የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ የካንሰር ሕዋሳት ግሉኮስ የተባለውን ስኳር በብዛት እንደሚፈጁ ያሳየው በ1920ዎቹ ነው። ስኳር መቀነሱ መልካም ነው፤ ካንሰሩን ግን አያስርበውም። እርስዎ ባይቀምሱ እንኳ ጉበትዎ ግሉኮስ ይሠራል።

ከዚያ በላይ ግን ካንሰር ስብም ይበላል። ጡት በአብዛኛው በስብ የተሞላ ስለሆነ የካንሰሩ ሕዋስ ከስብ ሕዋስ ጋር ጎረቤት ነው። ካንሰሩ በሚልክበት መልእክት የስቡ ሕዋስ ያከማቸውን የስብ አሲድ እንዲለቅ ያደርገዋል፤ የስቡ ሕዋስ እየሟሸሸ ሲሄድ ካንሰሩ ያንን ስብ ወደ ውስጡ አስገብቶ በማይቶኮንድሪያው (በሕዋሱ የኃይል ማመንጫ) ያነደዋል፣ ለአዳዲስ ሕዋሳት ሽፋን መሥሪያም ያውለዋል።

ውፍረት ሲጨመርበት ነገሩ ይከፋል። ከመጠን በላይ ያበጠ የስብ ሕዋስ ኦክስጅን ያጥረውና ይሞታል፤ ማክሮፋጅ የሚባሉ የመከላከያ ሕዋሳት ይከቡታል። ከዚያ የሚነሳው ብግነት ያው አሮማቴዝ እንዲጨምር ያደርጋል። በዚያ ላይ ኢንሱሊንና ከስብ የሚወጣው ሌፕቲን የተባሉት ሆርሞኖች ከፍ ይላሉ፤ ሁለቱም የካንሰር ሕዋስ እንዲባዛ ይገፋፋሉ። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይህ መተጋገዝ ነው።

እኔ ቀጭን ነኝ፤ ዕድሜዬም 34 ነው። አያሰጋኝም ማለት ነው?

እንዲህ የሚያስቡ ብዙ ናቸው፤ ያሳስበኛል። በአገራችን በጡት ካንሰር ከሚያዙት ብዙዎቹ ገና ያላረጡ ሴቶች ናቸው። እንዲያውም ከማረጥ በፊት የውፍረትና የካንሰሩ ዝምድና በብዙ ጥናቶች የተገላቢጦሽ ሆኖ፣ ማለትም ወፍራሞቹ ላይ አነስ ብሎ ይታያል። በጡት ወይም በብብት እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ካዩ ባያምዎትም ይታዩ። ጸበሉንም ይጠመቁ፤ ሐኪም ጋ መሄዱን ግን አያዘግዩ።

ጾም ይቀንሰዋል?

በዘይት የሚዋኝ ወጥና ማታ ማታ ሳምቡሳ ካለበት፣ ክብደትን እንኳ አይቀንስም።

ምን ያህል ልራመድ?

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ቢያንስ በሳምንት 150 ደቂቃ ይላል። ወደ ጣፎ በሚወስደው መንገድ ፈጠን ብሎ መሄድ ይበቃል፤ ጭቃው ከፈቀደ።

ታምሜ ታክሜያለሁ። ጎረቤት «ውፍረትሽ ነው ያመጣብሽ» ይለኛል። እውነት ነው?

ማንም ስለ እርስዎ ይህን ሊያውቅ አይችልም። ውፍረት በብዙ ሴቶች ላይ ሲታይ አጋጣሚውን ከፍ ያደርጋል፤ ዕድሜ፣ የዘር ውርስና አልኮልም አሉበት። ወፍረው በሽታው የማይነካቸው ብዙዎች ናቸው፤ ቀጭን ሆነው የሚታመሙም አሉ። ይህን የሚልዎት ሰው በሚቀጥለው ቀጠሮዎ አብሮዎት ይሂድ፤ ወረፋ ይያዝልዎት።