ካሴቱን ገልብጠህ እየው

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አሮጌ የጌም ማሽኖች ናቸው። የሚሰበስብ ሰው እየበዛ ነው፣ ደስ ይላል። ግን የሚታለለውም እየበዛ ነው፣ ስለዚህ ዛሬ ቦታውን ሙሉ ለእነሱ ሰጥተናል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። አሮጌ ኮንሶል (የጌም ማሽን) እና የጌም ካሴት መሰብሰብ ከጀመርኩ ስድስት ወሬ ነው። ጓደኞቼ «የቆየ ሁሉ ብርቅ ነው፣ ያገኘኸውን ግዛ» ይሉኛል። እውነት ነው? ከምንስ ልጀምር?
ጀማሪው

መልስ፦ እውነት አይደለም። ጓደኞችህን ከሰማህ ቤትህ ይሞላል፣ ኪስህ ይራቆታል። ዕድሜ ብቻውን ዕቃን ብርቅ አያደርግም። ብርቅና ውድም ለየብቻ ናቸው፣ ሰው ግን ሁሌ ያምታታቸዋል። ሱፐር ማሪዮ 64 የሚባለውን ጌም ውሰድ። ከ11 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል፣ ካሴቱን ለማግኘት ብዙም አትለፋም። ሆኖም ፕላስቲኩ ሳይቀደድ የቆየ አንድ ቅጂ በ2021 አሜሪካ ውስጥ በጨረታ 1.56 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ገዢው የከፈለው ለሣጥኑ ንጽህና ነው። በሌላ በኩል የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኒንቴንዶ በ1990 ላካሄደው ሻምፒዮና የተሠራውን ካሴት ተመልከት፤ ግራጫው 90፣ ወርቃማው ደግሞ 26 ብቻ ነው፣ ሁለቱም ሱቅ ገብተው አያውቁም። ብርቅ የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

እነዚህን ግን አንተም እኔም አንገዛቸውም። ለጀማሪ የምመክረው ገበያ ላይ የወደቁትን ማሽኖች ነው። በዘመናቸው ሰው ፊቱን ስላዞረባቸው ብዙ አልተሠሩም፣ ታሪካቸው ግን ከተሳካላቸው ይበልጥ ይጣፍጣል። ኒንቴንዶ 64ዲዲ የሚባለውን እይ። ኒንቴንዶ 64 ከሚባለው ማሽን ሥር የሚገጠም የዲስክ ማጫወቻ ነው፣ በ1999 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ብቻ ወጣ፣ የተሸጠውም 15 ሺህ ገደማ ነው። እሱ ከከበደህ ዓይን አስጠግተው የሚያዩበት የኒንቴንዶ ማሽን፣ ቨርቹዋል ቦይ አለ። በ1995 ወጥቶ ዓመት ሳይሞላው ቆመ። 770 ሺህ ያህል ስለተሸጠ ፈልገህ አታጣውም።

ቨርቹዋል ቦይ ካገኘህ ግን ሻጩን «አብራልኝ» በለው። ዓይንህን አስጠግተህ አንዱን ጨፍን፣ ከዚያ ሌላውን። በውስጡ ለእያንዳንዱ ዓይን 224 ጥቃቅን ቀይ መብራቶች በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል፣ ፊታቸው ያለው መስታወት በፍጥነት እየተወዛወዘ ምስሉን ይዘረጋዋል። መብራቶቹን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ሪባን የመሰለ ስስ ሽቦ በሙጫ የተጣበቀ ነው፣ ሙጫው ደግሞ በዘመናት ብዛት ይለቃል። ሲለቅ በምስሉ ላይ አግድም መስመሮች ይጠፋሉ። በአንድ ዓይን ብቻ ሊሆን ስለሚችል ነው ተራ በተራ ጨፍን ያልኩህ። በብየዳ ይስተካከላል፣ ግን እጁ የሰከነ ባለሙያ ይፈልጋል። ይህን ካየህ ዋጋውን አስቀንስ እንጂ ጥለኸው አትሂድ።

ጥያቄ፦ ልጄ ትንሽ ሳለ የሚጫወትበት ጌም ቦይ ከዕቃ መካከል አገኘሁ። የባትሪ ድንጋይ ማስገቢያውን ስከፍተው ነጭ ዱቄት ነገር ወጥቶበታል፣ ሽቦውም አረንጓዴ ሆኗል። አሁን ልጄ ትልቅ ሰው ነው፣ አድሼ ልሰጠው ፈልጌ ነበር። ተበላሽቷል ማለት ነው?
እናት

መልስ፦ እናቴ፣ አይዞዎት፣ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ያ ነጭ ዱቄት ከባትሪው ውስጥ የፈሰሰ ነገር ደርቆ ነው። መጀመሪያ ጓንት ያድርጉ፣ ቆዳ ያቃጥላል። ድንጋዮቹን አውጥተው ይጣሉ። ከዚያ ጥጥ በትንሹ ነጭ አቼቶ ነክረው ዱቄቱ ያለበትን የብረት ቦታ ብቻ ቀስ ብለው ያሹት። ጭስስ ሲል ያያሉ፣ አይደንግጡ፣ አሲዱ ሥራውን እየሠራ ነው። አቼቶው ግን እዚያው መቅረት የለበትም። በአልኮል በተነከረ ሌላ ጥጥ ይጥረጉት፣ አንድ ቀን ክፍት አድርገው ያድርቁት፣ ከዚያ አዲስ ድንጋይ አስገብተው ይሞክሩ። ካልበራ ቆሻሻው ወደ ቦርዱ ዘልቋልና ጠጋኝ ይክፈተው።

እኔ በዚሁ ምክንያት ስድስት ድንጋይ የሚወስድ፣ ጌም ጊር የሚባል በእጅ የሚያዝ ጌም አጥቻለሁ። ለዓመታት ሣጥን ውስጥ ሳስቀምጠው ድንጋዮቹን ማውጣት ረሳሁ። ስከፍተው ቦርዱ ላይ ያሉት መስመሮች ተበልተው አልቀው ነበር፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ሰብሳቢዎች በሙሉ፣ ዛሬ ማታ ያላችሁን ሁሉ ከፍታችሁ እዩ። የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ያላችሁም እንደዚሁ፤ ሰዓቱን የሚጠብቅለት ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ክፍል) ይፈሳል፣ ቦርዱንም ይበላል። ብዙዎቹ ስሪቶች ላይ ያለ ችግር ስለሆነ ይነቀልላችሁ። ማሽኑ ያለ እሱም ይሠራል፣ ሰዓቱን ብቻ ይረሳል።

ጥያቄ፦ የጌም ቦይ አድቫንስ ፖክሞን ኤመራልድ ካሴት ገዛሁ። ሲከፈት «የውስጥ ባትሪው አልቋል» ይላል። ጓደኛዬ ፎርጅድ ነው ብሎ ልቤን ሰበረው። እንዴት ልወቅ?
አረንጓዴ ካሴት ወዳዷ

መልስ፦ ያ ጽሑፍ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ፎርጅዶቹ ብዙ ጊዜ ባትሪ ስለሌላቸው እንደዚያ ይላሉ፣ ግን ኦሪጅናሉም ባትሪው ካለቀ ያንኑ ነው የሚለው፣ ባትሪው ደግሞ ዕድሜው ሄዷል። ስለዚህ ጓደኛሽ ትንሽ ቸኩሏል።

ካሴቱን ብርሃን ላይ ያዢው። መጀመሪያ መያዣው፦ የኤመራልድ ፕላስቲክ አረንጓዴ ሆኖ ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፣ ውስጡ ያለችው ክብ ባትሪ ትታያለች። ከዚያ ካሴቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እያዘነበልሽ እዪው። ኦሪጅናል ላይ ወደ ውስጥ ተጭኖ የታተመ ትንሽ ቁጥር አለ፣ ቀለም ስለሌለው ብርሃን በጎን ሲመታው ብቻ ነው የሚታይሽ። አሁን ገልብጪውና ወደ ቀዳዳው ተመልከቺ። ከወርቃማዎቹ ጥርሶች ከፍ ብሎ ቦርዱ ላይ «ኒንቴንዶ» የሚል ጥርት ያለ ጽሑፍ መኖር አለበት። እዚያ ምንም ከሌለ ወይም ፊደሉ ከተንሻፈፈ ጓደኛሽ ልክ ነው።

አሁንም ከተጠራጠርሽ ክፈቺው። ጀርባው ላይ ያለችው ብሎን ባለ ሦስት ክንፍ ስለሆነች ተራ ካቻቪቴ አይፈታትም፣ ለእሷ የተሠራውን ተጠቀሚ። ውስጡ ቺፑን የሸፈነ ጥቁር የሙጫ ጠብታ ካየሽ ፎርጅድ ነው፣ አለቀ። ገንዘብሽን አስመልሺ። ኦሪጅናል ከሆነ ግን ምንም አልቀረብሽም፤ ባትሪዋ የምትጠብቀው ሰዓቱን እንጂ ሴቭ ያደረግሽውን አይደለም፣ ብትቀየር ጌምሽ አይጠፋም። እንደ ፖክሞን ጎልድና ሲልቨር ያሉት የቀደሙት ካሴቶች ሌላ ናቸው። እነሱ ላይ ባትሪው ሲሞት ሴቩም አብሮ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ከጃፓን የመጣ ሱፐር ፋሚኮም (የኒንቴንዶ ማሽን) ከነአዳፕተሩ ገዛሁ። በ220 ቮልት ሶኬት ስሰካው የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፣ ከዚያ ዝም አለ።

መልስ፦ የጃፓን አዳፕተር የተሠራው ለ100 ቮልት ነው። እሱ ሞቷል፣ ማሽኑ ግን ተርፎ ሊሆን ይችላል፣ ውስጡ ለዚሁ የተቀመጠች ፊውዝ አለች። 10 ቮልት ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) የሚሰጥ ትክክለኛ አዳፕተር ፈልግ። ኔስ የሚባለው የኒንቴንዶ ማሽን የአሜሪካ አዳፕተር ቀዳዳው ውስጥ ይገባልና እንዳያታልልህ፣ እሱ የሚያወጣው እንደ ግድግዳው ሶኬት ኤሲ ነው፣ ማሽኑን ይጨርስልሃል።

ጥያቄ፦ ነጭ የነበረው ኮንሶሌ ቢጫ ሆነ። በኬሚካል ላንጻው?

መልስ፦ ተወው። ቢጫ ያደረገው ፕላስቲኩ ውስጥ ያለው የእሳት መከላከያ ነው፣ ብርሃንና ጊዜ ሲያገኙት ይቀየራል። በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ነጭ ይሆናል፣ ግን ተመልሶ ሊቢጭ ይችላል፣ በደንብ ካልተያዘም ዥንጉርጉር ሆኖ ይቀራል። ከፀሐይ አርቀው።

ጥያቄ፦ ከአንድ የድሮ ጌም ሠራተኛ ዕቃ ጋር ያለ መያዣ ባዶ ቦርድ ገዛሁ። ቺፖቹ ላይ በእጅ የተጻፈባቸው ወረቀቶች ተለጥፈዋል። ከሥራቸው ትንሽ መስኮት ያለ ይመስላል። ልላጣቸው?
ጉጉቱ የገደለው

መልስ፦ እንዳትነካቸው! እባክህ። በእጅህ ያለው ለገበያ ያልወጣ ጌም የሙከራ ናሙና ሊሆን ይችላል። ያቺ መስኮት የቺፑ ማጥፊያ ናት፤ በአልትራቫዮሌት መብራት በ20 ደቂቃ ገደማ ውስጡ ያለው ሁሉ ይሰረዛል፣ የፀሐይ ብርሃንም ቀስ በቀስ ያንኑ ያደርጋል። ወረቀቱ የተለጠፈው ብርሃን እንዳይገባ ነው። በላዩ የተጻፈው ቀንም የዕቃው መታወቂያ ነው። አንዱ ወረቀት ጠርዙ ከተነሳ በላዩ ብርሃን የማያሳልፍ ቴፕ ጨምርበት፣ ጨለማ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው።

እንዲህ ያለ ነገር ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ሶኒና ኒንቴንዶ በ1991 ከመለያየታቸው በፊት በጋራ የጀመሩት ባለ ሲዲ ማሽን አንድ ናሙና፣ ከሌላ ዕቃ ጋር በ75 ዶላር የተገዛ ነው። ለዓመታት ተቀምጦ በ2015 ዓለም አወቀው፣ በ2020 በጨረታ 360 ሺህ ዶላር ወጣ። የአንተው እንደዚያ ነው እያልኩህ አይደለም። ግን በ2023 የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን ባወጣው ጥናት አሜሪካ ውስጥ ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው በጥናቱ ጊዜ በገበያ አይገኙም ነበር። በወጉ የታተሙት እንዲህ ከሆኑ፣ ያልታተመው ምን ያህል እንደጠፋ አስበው።

ስለዚህ አሁኑኑ ይህን አድርግ። ቦርዱን ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሳ። ከማን እንደገዛኸውና ያ ሰው የት ይሠራ እንደነበር ጽፈህ አብረህ አስቀምጥ። ከዚያ ቺፕ ማንበቢያ መሣሪያ ያለው ሰው ፈልገህ ውስጡን ኮፒ አስደርግ፣ አንተም አጠገቡ ቁም። ቺፖቹ በዕድሜ ብዛት ራሳቸውም ይረሳሉና ዓመት አትጠብቅ። ምን እንደወጣ ጻፍልን፣ በጣም እንፈልጋለን።