ፒጂ ቤት ልግዛ ወይ ላልከው ወንድም

"ፕሪንስ ጆርጅስ ቤት አይተን ወደድን፤ ኤጀንታችን ግን ሰፈሩ እየወደቀ ነው፣ ሞንጎመሪ ይሻላችኋል አለን" ላልከው ወንድሜ። ለማያውቅ፣ ፒጂ የምንለው ፕሪንስ ጆርጅስ አብዛኛው ነዋሪ ጥቁር የሆነበት የሜሪላንድ ካውንቲ ነው፤ ሞንጎመሪ ጎረቤቱ ነው። እኔ እዚያው ፒጂ፣ ቦዊ ከተማ ነው የምኖረው። ይረዝምብሃል፣ ታገሰኝ።

1. ኤጀንቱን ቀይር። ገዢን በዘር እያዩ እዚህ ግባ፣ እዚያ አትግባ ማለት በፈረንጅ ከ1968 ጀምሮ በሕግ ክልክል ነው። ሐበሻ ነው እንዳትለኝ። የኛም ሰው የሰማውን ወሬ ነው የሚያወራው።

2. ሰፈር እንዴት "እንደሚወድቅ" እወቅ። የኔን ሰፈር በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሠራው ሌቪት የሚባል ቤት ሠሪ ኩባንያ ነው። ለጥቁር አልሸጥም ብሎ በ1963 ሰልፍ ወጥቶበታል። መንግሥትም ከ1934 ጀምሮ የቤት ብድር ዋስትናውን የሚሰጠው ለነጭ ሰፈር ነበር። በኋላ በብዙ ከተማ ጥቁር ቤተሰብ መግባት ሲጀምር፣ ደላላው የነጩን በር እያንኳኳ "ሳይረክስ ሽጡ" ይል ነበር። ከነጩ በርካሽ ይገዛል፣ ለጥቁሩ በውድ ይሸጣል። እንግዲህ ማን ነው ያረከሰው? ዛሬ ቦዊ አብዛኛው ነዋሪ ጥቁር ነው። ና፣ ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችንን እይ።

3. አፕሬይዘሩን፣ ለባንክ የቤቱን ዋጋ የሚገምተውን ሰው፣ ተጠንቀቅ። ዋናው ይሄ ነው። ሪፋይናንስ ስናደርግ፣ የቤት ብድራችንን በአዲስ ብድር ስንተካ፣ የመጣው ሰውዬ አዲስ ያሠራነውን ኪችን ገረፍ አድርጎ አለፈ። ሳሎን የሰቀልነውን የማርያም ሥዕል ግን ቆሞ አየ። ግምቱ ሲመጣ ደሜ ፈላ። ለማወዳደሪያ የወሰደው ባንክ የወረሳቸውን፣ መስኮታቸው በጣውላ የተቸነከረ ቤቶች ነው። ከኛ ማዶ በቅርቡ የተሸጠው፣ ቁርጥ የኛን የሚመስለው ቤት የለበትም! ባንክ ደወልኩ። ሴትየዋ "ግምቱ ግምት ነው፣ ምን ላድርግልህ?" ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ባለቤቴ ግን ነርስ ናት፣ ወረቀት ታውቃለች። አካባቢው የተሸጡትን ቤቶች ከነዋጋቸው ዘርዝራ፣ ግምቱ እንደገና ይታይ ብላ በጽሑፍ ላከች። ተስተካከለ! በስልክ አትጨቃጨቅ፣ ጻፍ።

ደግሞ የግምቱን ኮፒ ከመዝጊያው፣ ማለትም ብድሩን ከምትፈርምበት ቀን፣ ቢያንስ 3 የሥራ ቀን ቀድመው ሊሰጡህ ግዴታ አለባቸው። ይሄን መብት ትቻለሁ የሚል ወረቀት ከሌላው ጋር ቀላቅለው ይሰጡሃል፤ እሱን አትፈርም። አድልዎ ነው ካልክ ለፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት፣ ለሀድ፣ በ1 ዓመት ውስጥ ማመልከት ትችላለህ።

ቤቱ በሌቪት ጊዜ የተሠራ ከሆነ ቧንቧውን በደንብ አስፈትሽ። ጥሩ ቧንቧ ሠራተኛ አለኝ፣ ኢንቦክስ አድርግልኝ።